ጥርት ያለ ሰማይ በወልቂጤ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወልቂጤ ውስጥ ከራባት የሚያስሩ ሰዎች ጥቂት ነበሩ። ዳኛው ያስራሉ፤ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ያስራል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሹም አቶ ገብረእግዚአብሔር ለበዓል ያስራሉ። እነዚህ ሁሉ የሚያስሩት ሰው እንዲያያቸው ነው። ማንም በማያየው ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ከራባት የሚያስር ግን ካሳሁን ብቻ ነበር።

ሥራው ዜና ማንበብ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ገበያው መሐል ባቆመው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ትልቅ የድምፅ ማጉያ ሰቅሏል። ከማጉያው የወረደው ሽቦ በጓሮ ዞሮ ወደ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ክፍል ይገባል። እዚያ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ ማይክሮፎንና ካሳሁን አሉ። ካሳሁን ቀን ከሬዲዮ የቃረመውን በወረቀት ይጽፋል፤ አሥር ሰዓት ላይ ኮቱን ይለብሳል፣ ከራባቱን ያስተካክላል፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ወደ ሣላት ክብ ቀና ይልና ፈገግ ይላል። ከዚያ ያነባል። ክቧ ካሜራ መሆኗ ነው። በየአንቀጹ መጨረሻ ቀና ብሎ ያያታል፤ ሐዘን ያለበት ዜና ከሆነ ቅንድቡን ይሰበስብላታል።

የተወለደው በጉራጌ አገር ቸሃ ነው። እንደ ብዙው የሰፈሩ ልጅ በጉርምስናው አዲስ አበባ ገብቶ ከአጎቱ ሱቅ ተቀጠረ። አንድ ቀን አጎቱ ሆቴል ዕቃ እንዲያደርስ ላኩት። በሆቴሉ ሳሎን ሰው ሁሉ አንድ ሣጥን ከቦ ተቀምጧል፤ ሣጥኑ ውስጥ ከራባት ያሰረ ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ሆኖ ይናገራል። ነጋዴው፣ መኮንኑ፣ ወይዘሮዋ፣ ሁሉም አፋቸውን ዘግተው ያዳምጡታል። ካሳሁን ዜናው ስለ ምን እንደነበር ኋላ ሲጠየቅ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሰውየውን ማንም አለማቋረጡን ብቻ ነው። እርሱን አጎቱ ያቋርጡታል፣ ደንበኛ ያቋርጠዋል፣ የሱቁ ድመት እንኳ ያቋርጠዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዕቃ የተላከበት ሁሉ እየዘገየ ሣጥኑ ፊት ሲገተር ጊዜ፣ አጎቱ የመሳፈሪያ ሰጥተው ወደ አገሩ መለሱት።

ወልቂጤ ሲደርስ አማርኛው ተለውጦ ነበር። የቸሃ ቃናውን እንደ ቆሸሸ ሸሚዝ አውልቆ ጥሎት መጥቷል። እናቱ በቤታቸው ቋንቋ ስታናግረው በአዲስ አበባ አማርኛ ይመልስላታል። ሥራውን ያገኘውም በዚያው ነው። አቶ ገብረእግዚአብሔር ከጎጃም ተሹመው የመጡ፣ የሰው አነጋገር ቶሎ የሚያስቃቸው ሰው ነበሩ፤ የካሳሁንን ድምፅ በሰሙ ጊዜ ግን አልሳቁም። «ይኼ ልጅ የሰው አማርኛ ይናገራል» አሉና ቀጠሩት። ካሳሁን ይህን አድናቆት እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ሲያወራው ኖረ፤ ሙገሳው ውስጥ እናቱ መሰደቧን አላስተዋለም።

ሲያነብ መጀመሪያ የማዘጋጃ ቤቱን ትእዛዝ ያሰማል፤ ግብር፣ የመንገድ ጠረጋ፣ የገበያ ቀን ለውጥ፣ ፍየል የሚለቁ ሰዎች ቅጣት። ቀጥሎ ዜናውን። በመጨረሻ የአየሩን ሁኔታ። ይህን የመጨረሻውን ያዘዘው ሰው የለም። የሆቴሉ ሣጥን ሰውዬ በአየር ሁኔታ ሲጨርስ ስላየ ብቻ ራሱ ጨመረው። ሬዲዮው ስለ ወልቂጤ ሰማይ አንድም ቀን ተናግሮ ስለማያውቅ ከራሱ ያፈልቀዋል። «በወልቂጤና በአካባቢዋ ነገ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል» ይላል። «ጥርት ያለ» የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ ይጥመዋል። በክረምትም አይተወውም፤ «ጥርት ያለ ሆኖ ዝናብ ይኖረዋል» ይላል።

ሚስቱ ብርቄ አንድ ቀን ጠየቀችው።

«ለመሆኑ ሰማዩን አይተኸዋል?»

«ከክፍሉ አይታይም።»

«መስኮት አለ አይደል?»

«አንባቢ ወደ መስኮት አያይም፣ ብርቄ። ወደ ካሜራ ነው የሚያየው።»

«ወደ ከሰል በል» አለችና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ካሳሁን ጉዳት የሌለው ሞኝ ሆኖ ይኖር ነበር። አላለቀም። በጥር ወር አንድ ቀን አቶ ባልቻ የሚባሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በቸሃ መንገድ ላይ የሚኖሩ አዛውንት፣ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው ከክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጌታዬ፣ ለቅዳሜ ፀሐይ እንዲያዝዙልኝ ነው የመጣሁት» አሉ። «ልጄን እድራለሁ።»

ካሳሁን ሳቀ። «እኔ አላዝም። አነባለሁ እንጂ።»

አቶ ባልቻ በትዕግሥት አዩት። «ገበያው ወደ ማክሰኞ ዞሯል ብለው አነበቡ፤ ዞረ። ፍየል የለቀቀ ይቀጣል ብለው አነበቡ፤ ጎረቤቴ ተቀጣ። መንገድ ጠራጊ ይውጣ አሉ፤ እኔ ራሴ በዚህ ዕድሜዬ አካፋ ይዤ ወጣሁ። ከዚያው ቀጥለው በዚያው አፍ ነገ ፀሐይ ነው ይላሉ። ሌላውን ሁሉ ሲያዝዙ ቆይተው ፀሐይዋ ላይ ሲደርሱ ብቻ ማንበብ ነው ይሉኛል?»

ሰውየው የተናገሩት ሞኝነት አልነበረም። ከዚያ ግንድ ላይ የወረደ ቃል ሁሉ ሲፈጸም ነው ያዩት። በአገራቸው ደግሞ መብረቅ ቤት እንዳይመታ ለቦዠ፣ ለመብረቁ ጌታ፣ ሰዎች ድርሻቸውን መስጠት ከአባት የወረደ ወግ ነው። ስለ ሰማይ የሚናገር ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። የጎደለው የአቶ ባልቻ አእምሮ ሳይሆን የካሳሁን ኅሊና ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር፤ «አባባ፣ እኔ ስለ ነገ የማውቀው እርስዎ የሚያውቁትን ያህል ነው» ማለት። ካሳሁን ቅቤውን አየ። አዲስ ቅቤ ነበር፤ ቅጠሉ ጠርዝ ላይ ቀልጦ ያብረቀርቃል።

«ቅዳሜ ነው ያሉኝ?» አለ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። በጥር ፀሐይ ቢወጣ ማንንም የሚያስገርም አልነበረም፤ ግን ሠርገኛው ሁሉ ማን እንዳዘዘው ሰምቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የካሳሁን ጓዳ ምን እንደገባበት ብርቄ ነች የምታውቀው። ቅቤ ገባ፣ ቆጮ ገባ፣ ማር ገባ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ገቡ። ካሳሁን ለሁሉም ያነባል። አንድ ሳምንት ዘይባ የምትባል የበርበሬ ችግኝ ያፈላች ሴት ዝናብ ፈልጋ ሁለት ዶሮ አመጣች፤ በዚያው ቀን አንድ የጡብ ሠራተኛ ፀሐይ ፈልጎ ማር አመጣ። ካሳሁን ሁለቱንም ተቀበለ። «ነገ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይጥላል» ብሎ አነበበ። በማግስቱ ንፋስ ብቻ ነፈሰ። ሁለቱም ሌላው የበለጠ ሰጥቶ ይሆናል ብለው ዝም አሉ።

«አባትህ የሚሆን ሰው አንቱ እያለ ይሰግድልሃል፣ አንተ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ» አለችው ብርቄ።

«እኔን አይደለም የሚያከብሩት። ሙያውን ነው።»

«ዶሮውንስ የሚበላው ሙያው ነው?»

ካሳሁን ከራባቱን አስተካከለ።

ከማጉያው ግንድ ሥር ሻይ ቤት የነበረው፣ ከድሮ የሚባል ሰው ደግሞ በመጣ በሄደ ቁጥር ይይዘዋል። «ወላሂ ካሳሁን፣ ሻይ አልሸጥ አለኝ። ለነገ ብርድ እዘዝልኝና ሁለት ብርጭቆ በነፃ ጠጣ።» ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ይስቃል። ካሳሁን አይስቅም። ቀልዱ ውስጥ ያለውን እውነት ሳይሆን ዋጋው ማነሱን ነበር የሚያስበው።

በየካቲት አቶ ገብረእግዚአብሔር አስጠሩት። ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ይፈልጋል፤ አቶ አዳነ የሚባሉ የጣቢያው ሰው ወደ ጅማ ሲያልፉ ሐሙስ ወልቂጤ ያርፋሉ፤ እግረ መንገዳቸውን ድምፁን እንዲሰሙለት አቶ ገብረእግዚአብሔር አነጋግረዋቸዋል።

«ከወደዱህ ይወስዱሃል» አሉት። «ካልወደዱህ ይኼው ነህ። ሌላ የሚያልፍ ሰው መቼ እንደሚመጣ እንጃ።»

ካሳሁን ከቢሮ ሲወጣ እግሩ መሬት አልነካም። ከዚያ ቀን እስከ ሐሙስ ሌላ ነገር አላሰበም፤ ሌላ ነገር ሲያስብ ኖሮም አያውቅ። ኮቱን አስተኮሰ። በየደረሰበት «ቴሌቪዥን ስገባ» እያለ ይጀምራል። ከድሮ «እዚህ እኮ ቴሌቪዥን የለም። አንተን ማን ሊያይህ ነው?» ሲለው በሐዘኔታ አየው። የወልቂጤ ሰው እንዲያየው ፈልጎ አያውቅም።

ረቡዕ አቶ ባልቻ መጡ። አሁንም ቅቤ ይዘዋል። የመኖሪያ ቤታቸውን ክዳን ሊቀይሩ ነው፤ ሐሙስ ጎረቤቱ ሁሉ ለሥራ ይወጣላቸዋል፤ አሮጌው ሣር ወርዶ አዲሱ እስኪወጣ ቤቱ ባዶውን ነው የሚውለው። «ለሐሙስ አደራ» አሉ። ካሳሁን ልቡ ጅማ መንገድ ላይ ነበር። ቅቤውን ተቀብሎ ጠረጴዛው ሥር አኖረው፤ አሥር ሰዓት ላይ «ነገ ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል» ብሎ አነበበ።

ሐሙስ ጠዋት ፀሐይ ነበር። የአቶ ባልቻ ጎረቤቶች አሮጌውን ሣር አወረዱ። ቀትር ላይ ደመና ተሰበሰበ፤ ከምሳ በኋላ የበልግ ዝናብ ሳያስጠነቅቅ ወረደ። ለዚያች ቀን ሲባል የታጨደው አዲስ ሣር ደጅ እንደተከመረ ራሰ። ምሰሶው፣ መደቡ፣ ጓዳው፣ በእንግድነት የመጣችው አራሷ ታላቅ ልጃቸው አልጋ ሁሉ ራሰ። ሰዎቹ ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ አቶ ባልቻ ጋቢያቸውን ደርበው «ሰውየው ዘንድ እንሂድ። ረስቶ ይሆናል» አሉ።

አቶ አዳነ በከድሮ ሻይ ቤት ተቀምጠው ነበር። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ሻያቸውን ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰው። አሥር ሰዓት ሲሆን ማጉያው ተንኮሻኮሸና የካሳሁን ድምፅ በዝናቡ ላይ ተዘረጋ። ስለ አንድ ድልድይ ምረቃ አነበበ፤ ስለ ውጭ አገር አንድ ሚኒስትር ጉብኝት አነበበ። እውነቱን ለመናገር አሳምሮ ነበር ያነበበው። አቶ አዳነ ብርጭቆውን አስቀመጡ። «ድምፅ አለው» አሉ ለከድሮ። ጃንጥላ ለመኑና ወደ ክፍሉ ተሻገሩ።

ሲገቡ አቶ ባልቻና ሰዎቻቸውም ደርሰው ደጃፉ ላይ ተሰብስበዋል። ማንም አልጮኸም። ውኃው ከጋቢያቸው ይንጠባጠባል፤ የአንዱ ፀጉር ላይ የሣር ሰበዝ ተጣብቋል።

ካሳሁን ሲያያቸው ወደ ክቧ ዞረ።

አቶ አዳነ ወረቀቱን ከእጁ በቀስታ ወሰዱት። «በጣም ጥሩ አንብበዋል፣ አቶ ካሳሁን። አሁን ያለ ወረቀት እንሞክር። ቴሌቪዥን ላይ ወረቀት የሚጠፋበት ጊዜ አለ። በዚያ መስኮት ወደ ውጭ ይመልከቱና የሚያዩትን ይንገሩኝ፤ እዚህ ለሌለ ሰው እንደሚነግሩ አድርገው። ማይክሮፎኑን አያጥፉት።»

ከዚህ የቀለለ ፈተና ለማንም ቀርቦ አያውቅም። የአምስት ዓመት ልጅ ያልፈዋል። መስኮቱ ላይ ዝናብ አለ፤ ዝናብ ብቻ ነው ያለው። ካሳሁን ግን በሩንም መስኮቱንም አየ። በሩ ላይ አቶ ባልቻ አሉ፤ ከጠረጴዛው ሥር ቅቤያቸው አለ። «ዝናብ ነው» ካለ ገበያው ሁሉ ይሰማል፤ ትናንት ያለው ውሸት ሊሆን ነው፤ የዘይባ ዶሮዎችም፣ የጡብ ሠራተኛው ማርም ውሸት ሊሆኑ ነው። በአንድ ወገን ቴሌቪዥን፣ በሌላው ወገን የሞላ ጓዳ። ሁለቱንም ሊይዝ ፈለገ።

«በወልቂጤና በአካባቢዋ» ብሎ ጀመረ፤ ድምፁ ሙሉ ነበር፤ «ሰማዩ በአብዛኛው ጥርት ያለ ሲሆን...»

የቆርቆሮው ጣሪያ ያጓራል። ማይክሮፎኑ የዝናቡን ድብደባ ከካሳሁን ቃል ጋር ጠልፎ ገበያው ላይ እያፈሰሰው ነው። ከውጭ የከድሮ ሳቅ ተሰማ፤ ከዚያ የሌላ ሰው፤ ከዚያ የብዙ ሰው።

«ሲሆን?» አሉ አቶ አዳነ።

«አልፎ አልፎ...»

«አልፎ አልፎ ምን?»

የካሳሁን ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ቃሉ እዚያው አፉ ውስጥ እንደነበረ በሩ ላይ የቆሙት ሁሉ አይተዋል።

«ደመና» አለ።

አቶ አዳነ ወረቀቱን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩለት።

«ድምፅዎ ጥሩ ነው» አሉት። «ግን ዝናብ እየዘነበ ዘነበ ማለት ያቃተውን ሰው ወስጄ ምን አደርገዋለሁ?» ጃንጥላውን ዘርግተው ወጡ። ዝናቡ ሲያባራ ወደ ጅማ ጉዟቸውን ቀጠሉ።

አቶ ባልቻ ወደ ሰዎቻቸው ዞሩ። «ሰምታችኋል» አሉ። «አዟል። የሚታዘዘው ጠፋ እንጂ እርሱስ አዟል።» ቅቤውን አልጠየቁም። ደህና ዋል ብለውት በዝናቡ ውስጥ ተመለሱ።

ካሳሁን ማይክሮፎኑን እስኪያጠፋ ብዙ ቆየ። ብርቄ ሰምታ ኖሮ መጥታ በሩ ላይ አገኘችው። ልትናገረው ያሰበችው ብዙ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። «ና ቤት እንግባ» ብቻ አለችው። እርሱ ግን መንገድ ላይ «የባትሪው ጥፋት ነው፤ ድምፁን አንሻፎ አወጣው» ሲላት፣ ያዘነችለትን መልሳ ወሰደች።

በሳምንቱ አቶ ባልቻ እንደገና መጡ። ባዶ እጃቸውን ነበሩ። ካሳሁን ከወንበሩ ተነሣ፤ በሕይወቱ ለእርሳቸው የተነሣው ያን ቀን ነው።

«ቤቱ እንዴት ሆነ?» አለ።

«ምሰሶው ይደርቃል። ሣሩ ግን ሻግቷል፤ እንደገና ልናጭድ ነው። አራሷም ብርድ መቷት ተኝታለች» አሉ። «ለጠብ አልመጣሁም፣ ልጄ።» ልጄ አሉት፤ ጌታዬ ቀርቷል። «ሥልጣን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል፤ የታወቀ ነው። ከአንተ ሄዷል። ወደ ማን እንደሄደ ንገረኝና ወደዚያ ልሂድ።»

ካሳሁን እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ዕድል ሲሰጠው ይህ ነበር፤ ለዚያውም ምንም የሚያጣው ነገር ሳይኖር። ቴሌቪዥን ሄዷል፤ ቅቤው ተበልቷል፤ ገበያው ስቆበታል። ከዚህ በኋላ እውነት በነፃ ነበረች። ካሳሁን ግን ከሥልጣን የተሻረ ሰው መባሉ፣ ሥልጣን ኖሮት የማያውቅ ከመባል ተሻለው። በመስኮቱ የአቶ ገብረእግዚአብሔርን ቢሮ አመለከተ።

«እርሳቸው ጋ ነው» አለ።

አቶ ገብረእግዚአብሔር መጀመሪያ ተቆጡ። «ይኼ ባዕድ አምልኮ ነው። ይህ ሕዝብ የሚነቃው መቼ ነው?» እያሉ አዛውንቱን ከቢሮ አስወጧቸው። አቶ ባልቻ ከቤታቸው ሌላ ቅቤ አምጥተው ወደ ሹሙ መኖሪያ ቤት ሄዱ፤ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ፣ የሹሙ ባለቤት፣ በር ላይ ተቀብለው አመሰገኑ። ማታ ቤት ውስጥ ምን እንደተባባሉ አልተሰማም። የተሰማው የኋላው ነው፤ ሹሙ ስለ ባዕድ አምልኮ መናገር አቆሙ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል የማዘጋጃ ቤቱ ተላላኪ አንዲት ቁራጭ ወረቀት አምጥቶ የካሳሁን ጠረጴዛ ላይ ጣለ። በአቶ ገብረእግዚአብሔር እጅ የተጻፈች ናት። ካሳሁን አነበባት፣ ገለበጣት፣ ጀርባዋ ባዶ ነበር። ኮቱን ለበሰ። ትእዛዙን አነበበ፤ ዜናውን አነበበ፤ በመጨረሻ ወረቀቷን አነሣ።

«በወልቂጤና በአካባቢዋ» አለ፤ «ነገ ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጥርት ያለ ይሆናል።»

ብርቄ ግቢዋ ውስጥ ሆና ሰማችውና ያሰጣችውን ልብስ ከገመዱ ላይ መልቀም ጀመረች።